ከጀበና እስከ እስክስታ፦ አኒሜሽንና ሞዴሊንግ በክፍል ፕሮጀክት

መምህር፦ የባለ ሦስት አውታር አኒሜሽን ትምህርት ሁለት ሥራዎችን ይይዛል። ሞዴሊንግ የአንድን ነገር ቅርጽ በነጥብ፣ በመስመርና በገጽ ኮምፒውተር ውስጥ መገንባት ነው፤ አኒሜሽን ደግሞ የተገነባውን ቅርጽ በጊዜ ውስጥ ማንቀሳቀስ። በአብዛኛው ሁለቱም የሚሰጡት በተከታታይ ፕሮጀክት ነው፦ መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ዕቃ፣ ቀጥሎ የሚነጥር ኳስ፣ ከዚያ አጥንት የገባለት ገጸ ባሕርይ፣ በመጨረሻ አጭር ፊልም። ይህን ሁሉ ጨርሶ የወጣ ተማሪ ምን ተማርኩ ይላል?

ተማሪ፦ ሶፍትዌር ተማርኩ የሚል ካለ ብዙ አላተረፈም። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ዩቲዩብ ላይም ይገኛል፤ ለዚያ ክፍል መግባት አያስፈልግም። ክፍሉ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። በአንዱ ፕሮጀክት የተፈጠረ ጉድለት እዚያው ላይ አይታይም፤ ብቅ የሚለው በሚቀጥለው ላይ ነው። ቆሞ ሲያዩት ያማረ ገጸ ባሕርይ ክንዱን ሲያጥፍ ክርኑ ይደፈጠጣል። ያን ጊዜ ነው ተማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ስለ መስመሮች አካሄድ የተነገረው የሚገባው። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ነግሮታል፤ እሱ ግን አልሰማም።

መምህር፦ ሰምቶም ይሆናል፤ የሚያያይዝበት ነገር አላገኘም እንጂ። ለነገሩ ሙያው ራሱ ያደገው እንደዚህ ነው። ብዙው መሠረቱ የተጣለው በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዴቪድ ኢቫንስ እዚያ በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል አቋቋመ፤ በ1968 አይቫን ሰዘርላንድ ተጨመረ። በ1972 የሰዘርላንድ ተማሪዎች የክፍል ሥራ አንዲት ቮልስ መኪናን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። መኪናዋ የሰዘርላንድ ባለቤት የማርሻ ነበረች።

ተማሪ፦ በምን መሣሪያ? ያኔ ዕቃን ዞሮ የሚያነብ ስካነር በየክፍሉ አልነበረም።

መምህር፦ በቀለምና በማስመሪያ። በመኪናዋ አካል ላይ ነጥቦችና መስመሮች ቀቡ፤ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ እየለኩ በቁጥር መዘገቡ። ዛሬ ሞዴል የሚባለው ነገር ከዚያ የተለየ አይደለም፤ የነጥቦች ዝርዝርና የትኛው ነጥብ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚናገር ሌላ ዝርዝር ነው። በዚያው ዓመት ኤድዊን ካትመል የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ደግሞ ለክፍል ሥራው የግራ እጁን መረጠ። እጁን በጄሶ ቀርጾ ቅጂ አወጣ፤ በቅጂው ላይ 350 ያህል ሦስት ማዕዘንና ሌሎች ባለ ብዙ ጎን ቅርጾችን ሣለ፤ የማዕዘኖቹንም ቦታ ለክቶ አስገባ። ከሌላው ተማሪ ከፍሬድ ፓርክ ጋር በሠሩት አጭር ፊልም እጁ ይጨበጣል፣ ይዘረጋል፣ ወደ ተመልካቹ ይጠቁማል፤ ኋላም ካሜራው እጁ ውስጥ ይገባል። ፊልሙ በ1976 በወጣው ፊውቸርወርልድ በተባለ ፊልም ውስጥ ታይቷል፤ በ2011 ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል። ካትመል ኋላ ከአኒሜሽን ስቱዲዮው ከፒክሳር መሥራቾች አንዱ ሆነ።

ተማሪ፦ የተማሪ ሥራ መዝገብ መግባቱ ደስ ይላል፤ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የእጁ ጉድለት ነው። ቅርጹ የተሠራው ከጠፍጣፋ ገጾች ነው። ጠፍጣፋ ገጽ ሲበዛ ጥምዝ ይመስላል እንጂ ጥምዝ አይሆንም፤ ዳር ዳሩን ሲያዩት የተሰባበረ መስመር ነው።

መምህር፦ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያንን ጉድለት ያልነካ ተማሪ ጥቂት ነው። ኦንሪ ጉሮ በ1971 ብርሃኑን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እያለሰለሰ በማዳረስ ጠፍጣፋው ገጽ ለዓይን ጥምዝ እንዲመስል አደረገ፤ የሞከረበትም የባለቤቱ ፊት ነበር። ቬትናም የተወለደው ቡይ ቱዎንግ ፎንግ በ1973 የብርሃኑን ነጸብራቅ አሻሻለው። ፓርክ የሰው ፊትን በቁጥር የሚቀያየር አድርጎ በ1974 ተመረቀበት። ካትመል ራሱ በዚያው ዓመት ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ጥምዝ ገጽን እየከፋፈሉ ማሳየትን፣ በገጽ ላይ ሥዕል መለጠፍን፣ የትኛው ነገር ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ በእያንዳንዷ የምስል ነጥብ መዝግቦ መለየትን አካተተ። በ1978 ከጂም ክላርክ ጋር ያወጣው የመከፋፈያ ስልት ዛሬ በአብዛኛው የሞዴሊንግ ሶፍትዌር ውስጥ አለ።

ተማሪ፦ ሰብዲቪዥን ሰርፌስ የሚባለው። ጀማሪ ተማሪ እንደ አስማት ይቆጥረዋል፤ አንድ ጊዜ ሲጫን ኪዩቡ ይለሰልሳል። ሥራው ግን ተራ ነው፦ አንዱ ባለ አራት ጎን ገጽ ወደ አራት ይከፈላል፣ ነጥቦቹም ወደ ጎረቤቶቻቸው አማካይ ይሳባሉ። 500 ገጽ የነበረው ዕቃ በአንድ ደረጃ 2,000፣ በሁለት 8,000፣ በሦስት 32,000 ይሆናል። ደረጃውን ያለ ልክ ከፍ አድርጎ ኮምፒውተሩ ሲንፏቀቅ የሚገረም ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም።

መምህር፦ ወደ መጀመሪያው ፕሮጀክት እንምጣ። የዩታው ማርቲን ኒዌል በ1975 የሻይ ማንቆርቆሪያ መረጠ። ቅርጹን በወረቀት ላይ ነድፎ ቁጥሮቹን አስገባ፤ ቁጥሮቹን ለማንም ስለሰጠ የዓለም የሙከራ ዕቃ ሆነ። የመጀመሪያው ሞዴል ሥር እንኳ አልነበረውም። ዕቃው አሁን በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው በኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ለአዲስ አበባ ተማሪ ግን ማንቆርቆሪያው ይሻላል ወይስ ጀበና?

ተማሪ፦ ጀበና። ምክንያቱ የአገር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ተማሪው በእጁ ይዞ ሊለካው ይችላል። ከኢንተርኔት ፎቶ የተሠራ ዕቃ ከፎቶው ማዕዘን ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ጀርባው ግምት ነው። ጀበናው ጠረጴዛ ላይ ካለ ግን ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ፎቶ ይነሣል፣ ቁመቱና የሆዱ ዙሪያ በሜትር ይለካል።

መምህር፦ ልኩ ላይ ብዙ ተማሪ ግድ የለውም። ስክሪን ላይ ትልቅም ትንሽም ያው ነው ይላል።

ተማሪ፦ ያው አይደለም። ብሌንደር የተባለው የሞዴሊንግና የአኒሜሽን ሶፍትዌር ሲከፈት መሃል ላይ የሚቀመጠው ኪዩብ እያንዳንዱ ጎኑ 2 ሜትር ነው። ከእሱ ተነሥቶ ልክ ሳያስተካክል የተሠራ ጀበና ከሰው ይበልጣል። ምስሉ ለብቻው ሲታይ ማንም አያውቅም። በሌላ ፕሮጀክት ጀበናው ከማቶቱ ወድቆ እንዲንከባለል ሲታዘዝ ግን የፊዚክስ ስሌቱ ሁለት ሜትር የሚያህል ሸክላ አድርጎ ይጥለዋል፤ አወዳደቁም እንደዚያው ዝግ ያለ ይሆናል። ተማሪው ስሌቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ከሳምንታት በፊት በተሠራው ፋይል ውስጥ ነው።

መምህር፦ ቅርጹ እንዴት ይወጣል?

ተማሪ፦ ሆዱና አንገቱ ቀላል ነው። የግማሽ ጎኑ መስመር ይነደፍና በመሃል ዘንግ ዙሪያ ይዞራል፤ ሸክላ ሠሪዋ ብዙ የምትደክምበት ክፍል እዚህ ወዲያው ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው እጀታውና መቅጃው ሆዱ ላይ ሲገጠሙ ነው። ክብ ሆድ በአግድምና በቁም መስመሮች የተከፋፈለ መረብ ነው፤ እጀታው የራሱ መረብ ያለው ቱቦ ነው። ሁለቱን እንዲሁ አጠላልፎ መተው ይቻላል፤ ከሩቅ አያስታውቅም። በትክክል ለማገናኘት ግን ከሆዱ ላይ ሁለት በሁለት የሆኑ አራት ገጾች ይነሣሉ፤ የሚቀረው ቀዳዳ ስምንት ነጥብ አለው፤ ስለዚህ እጀታው ስምንት ጎን እንዲኖረው ይደረጋል። ነጥብ ከነጥብ ይያያዛል።

መምህር፦ በቀዳዳው ማዕዘኖች ላይስ?

ተማሪ፦ በአራቱም ማዕዘን አምስት መስመር የሚገናኝበት ነጥብ ይፈጠራል። በሌላው ቦታ አራት አራት ነው የሚገናኙት። አምስት መስመር የሚገናኝበት ነጥብ ሲለሰልስ ትንሽ መጨማደድ ያሳያል፤ አይጠፋም፣ ቦታው ይመረጣል እንጂ። የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ከሆነ ብርሃኑ ያጋልጠዋል፤ ጥቁር ሸክላ ላይ፣ ያውም የእጀታው ሥር፣ ማንም አያየውም። ሞዴሊንግ ጉድለትን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቀመጥ መወሰንም እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

መምህር፦ በዚህ ደረጃ የሚቀርቡት ጀበናዎች አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። ፋብሪካ የሠራቸው ይመስላሉ።

ተማሪ፦ በመሃል ዘንግ ዙሪያ የዞረ ነገር ፍጹም ክብ ስለሚሆን ነው። እውነተኛው ጀበና በእጅ የተሠራ ነው፤ አንገቱ ትንሽ ያዘነብላል፣ ሆዱ በአንድ ወገን ሞላ ይላል፣ እሳት የነካው ሥሩ ከአንገቱ ይልቅ ደብዛዛ ነው፣ እጅ የበዛበት እጀታ ደግሞ ይወዛል። ይህን ለማስገባት አዲስ ትእዛዝ አያስፈልግም። ዕቃውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ቀለሙ «ጥቁር» ተብሎ ይሞላል፤ የገጹ ሸካራነት ግን ከቦታ ቦታ መለያየት አለበት፤ ሸክላውን ሸክላ የሚያስመስለው ከቀለሙ ይልቅ ይህ ልዩነት ነው። መብራቱም እንደዚያው፤ ከፊት የተተኮሰ ብርሃን ቅርጹን ያደፈጥጠዋል፣ ከጎን የመጣው ያወጣዋል።

መምህር፦ እንግዲህ ኳሱ። ከጀበና በኋላ ኳስ ሲታዘዙ ተማሪዎች ቅር ይላቸዋል፤ የወረዱ ይመስላቸዋል።

ተማሪ፦ ሞዴሉን በአንድ ትእዛዝ ስለሚያመጡት ነው። ከዚያ ሁለት ኪፍሬም (የቁልፍ አቋም ምልክት) ያስቀምጣሉ፣ አንዱን ላይ አንዱን ታች፤ መሃሉን ሶፍትዌሩ ይሞላዋል። ኳሱ ይወርዳል፤ ግን የተንሳፈፈ ይመስላል፤ መሬት ሊነካ ሲል ይቀዘቅዛል፣ በእርጋታ ተመልሶ ይወጣል። ብሌንደር በራሱ ምርጫ በሁለት ኪፍሬም መካከል ያለውን እንቅስቃሴ መነሻውንም መድረሻውንም አለስልሶ ይሞላል። ለበር መከፈት ጥሩ ነው፤ ለኳስ ውሸት ነው። ኳስ የሚዘገየው ላይ፣ በጫፉ ብቻ ነው፤ መሬት ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ የእንቅስቃሴውን ኩርባ የሚያሳየው ግራፍ ኤዲተር ተከፍቶ የኩርባው የታችኛው ጫፍ እንደ ቀስት ጫፍ ይሾላል፣ የላይኛው ክብ ሆኖ ይቀራል።

መምህር፦ ቁጥሩን የሚያሰሉ ተማሪዎችም አሉ።

ተማሪ፦ ማስላቱ ይጠቅማል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ፣ ከቆመበት የተለቀቀ ኳስ በ6 ፍሬም 31 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በ12 ፍሬም 1 ሜትር ከ22፤ በ24 ፍሬም 4 ሜትር ከ90። ጊዜው በእጥፍ ሲጨምር ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ1 ሜትር ከ22 የወደቀ ኳስ ነጥሮ ግማሹን ከፍታ ቢወጣ፣ መውጫው ስድስት ፍሬም ሊመስል ይችላል፤ ግን ስምንት ከግማሽ ያህል ነው። ከፍታው በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው በግማሽ አይቀንስም። ይህንን ያልለካ ተማሪ ሁለተኛዋን ንጥረት ያቻኩላታል፤ ተመልካችም ምክንያቱን ሳያውቅ ኳሱን አያምነውም።

መምህር፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ ጊዜ መጠንንም ይናገራል። ያው ኳስ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ መሬት ለመድረስ 24 ፍሬም ከፈጀ፣ ተመልካቹ ጠረጴዛው አምስት ሜትር ሊሆን ነው ወይም ቦታው ምድር አይደለም ይላል። ክብደት ደግሞ ከሁሉ በላይ በንጥረቱ ይታወቃል፤ የፒንግ ፖንግ ኳስ ደጋግሞ ይዘላል፣ የቦውሊንግ ኳስ አንዴ ተነሥቶ ይንከባለላል። ሞዴሉ አንድ ዓይነት ሉል ሆኖ ሳለ ሁለቱን ማስመሰል የፕሮጀክቱ ፈተና ነው።

ተማሪ፦ መደፍጠጥና መለጠጥስ? ብዙው ተማሪ እሱን ቀድሞ መሥራት ይወዳል።

መምህር፦ የዲዝኒ አንጋፋዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሆዎች የመጀመሪያው ነው፤ ለዚህ ይሆናል የሚቸኩሉበት። መርሆው ያለው ኳሱ ሲደፈጠጥ ወደ ጎን እንዲሰፋ ነው፤ ይዘቱ መጠበቅ አለበት። ቁመቱን ብቻ የቀነሰ ተማሪ ኳሱን አሳነሰው እንጂ አልደፈጠጠውም። የፒክሳሩ ጆን ላሴተር በ1987 ለሲግራፍ የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ እነዚህ መርሆዎች ለኮምፒውተር አኒሜሽንም እንደሚሠሩ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ግን በፊልም አሳይቶታል። በ1986 የወጣው ሉክሶ ጁኒየር ሁለት የጠረጴዛ መብራቶችና ኳስ ብቻ ያሉበት፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሆነ ፊልም ነው። ፊት የለም፣ እጅ የለም፣ ንግግር የለም።

ተማሪ፦ ላሴተርም የተማሪ ፊልም የሠራ ሰው ነው።

መምህር፦ በካልአርትስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳለ በ1979 እና በ1980 የተማሪዎች ኦስካር አግኝቷል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ስለ መብራት ነበር። ሉክሶ ጁኒየር በሲግራፍ ከታየ በኋላ ጂም ብሊን፣ እሱም የዩታ ምሩቅ፣ ሊጠይቀው መጣ። ላሴተር ስለ ጥላው ስሌት ሊጠየቅ ነው ብሎ ፈራ። ብሊን የጠየቀው ግን ትልቁ መብራት እናት ነው ወይስ አባት ብሎ ነው። ተማሪ ፕሮጀክቱን ሲያቀርብ የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፤ ተመልካቹ ስለ ሶፍትዌሩ ከጠየቀ ፊልሙ አልያዘውም ማለት ነው።

ተማሪ፦ ቀጣዩ ሪጊንግ ነው፤ ከሁሉም የማይወደደው። ውጤቱ በምስል አይታይም፤ ሞዴሉ ውስጥ አጥንት ማስገባትና እያንዳንዱ አጥንት የትኛውን ቆዳ ምን ያህል እንደሚጎትት መወሰን ነው። ብሌንደር ውስጥ ይህ በቀለም ይሠራል፤ ቀይ ሙሉ በሙሉ የሚጎተት፣ ሰማያዊ የማይነካ። ጉልበትና ክርን ላይ በቂ መስመር ካልተዘረጋ ቀለሙን የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት አይታጠፍም፤ በመታጠፊያው ዙሪያ ቢያንስ ሦስት ቀለበት ያስፈልጋል። ክንድ ሲጠመዘዝ ደግሞ ከአንጓው ላይ እንደ ተጨመቀ ነጠላ ይቀጥናል፤ ለዚህ መዞሩን የሚከፋፈሉ ተጨማሪ አጥንቶች በክንዱ ርዝመት ይደረደራሉ።

መምህር፦ በዚህ ጊዜ ስንቱ ወደ ሞዴሉ ይመለሳል?

ተማሪ፦ የሚመለሰው ያድናል። የማይመለሰው በሪጉ ላይ መጠገኛ ይለጣጥፋል፤ መጠገኛው በአኒሜሽኑ ላይ ሌላ ችግር ያመጣል። ፕሮጀክቶቹ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚረከቡ ወደ ኋላ ለመመለስ ጊዜ የለም የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ሁሉም ፕሮጀክት ለየብቻ ነጥብ ሲሰጠው ተማሪው የሚያስበው ስለዚያ ሳምንት ብቻ ነው። አንድ ሞዴል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተሻሻለ ቢሄድ፣ ነጥቡም የሚሰጠው ለተደረገው ማሻሻያ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ ይበልጥ ይሠራ ነበር።

መምህር፦ ለመምህሩ ማረም ከባድ ይሆንበታል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። የእንቅስቃሴ ፕሮጀክቱ ብዙ ጊዜ የእግር ጉዞ ነው። አራት ዋና አቋም አለው፦ ተረከዙ መሬት ሲነካ፣ ክብደቱ ሲወርድ፣ አንዱ እግር በሌላው በኩል ሲያልፍ፣ አካሉ ሲነሣ። አንድ እርምጃ 12 ፍሬም፣ ሁለቱ 24፤ በሰከንድ አንድ ዙር። ይህንን የጨረሰ ተማሪ ቀጥሎ ለምን እስክስታ ይመርጣል?

ተማሪ፦ የእግር ጉዞ በየመማሪያው ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ተማሪው ይገለብጠዋል። እስክስታን የሚገለብጥበት መማሪያ የለም፤ ተጨፍሮ፣ ተቀርጾ፣ ፍሬም በፍሬም መታየት አለበት። ደግሞም አብዛኛው ዝግጁ ሪግ ለእግርና ለእጅ የታሰበ ነው፤ ትከሻው ክንዱን ተከትሎ ይነሣል። በእስክስታ ግን ትከሻው መሪ ነው። ክንዱ ዝም ብሎ ሳለ ትከሻው ይወዛወዛል፤ ደረት ከዳሌ ተለይቶ ይሠራል፤ አንገት ለጥቂት ፍሬም ወደ ኋላ ይቀራል፤ የአንገት ጌጡና የነጠላው ጫፍ ከሁሉም በኋላ ይደርሳሉ። የቶማስና የጆንስተን መጽሐፍ ተከትሎ መምጣትና መደራረብ የሚለው መርሆ ሙሉ በሙሉ እዚህ አለ።

መምህር፦ ፍጥነቱስ? ትከሻ በጣም ሲፈጥን 24 ፍሬም ይበቃዋል?

ተማሪ፦ በጭንቅ ይበቃዋል። ትከሻው በሰከንድ አራቴ ከተመላለሰ ለአንድ ምልልስ የሚደርሰው 6 ፍሬም ነው፤ ሦስት ለመውጣት፣ ሦስት ለመውረድ። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው አቋም በግልጽ መቀመጥ አለባቸው፤ መሃሉ ቦታ የለውም። በእጅ ሥዕል እንደሚደረገው አንዱ ምስል ለሁለት ፍሬም ይቆይ ከተባለ ለአንድ ምልልስ ሦስት ምስል ብቻ ይቀራል፤ ሦስት ደግሞ ለመውጫና ለመውረጃ እኩል አይካፈልም፣ ምቱ ይዛባል። የሙዚቃው ምት አስቀድሞ በፍሬም ተቆጥሮ የሚገባውም ለዚህ ነው።

መምህር፦ የሰውን እንቅስቃሴ ከቪዲዮ የሚያነቡ ሶፍትዌሮች አሉ። ጨፋሪ ቀርጾ ማስገባት አይቀልም?

ተማሪ፦ ይቀላል፤ ግን ልብስ የሸፈነውን ትከሻ ከቪዲዮ ብቻ አጥርቶ ማንበብ ለሶፍትዌሩ ይከብደዋል። የሚሰጠውም በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ኪፍሬም ነው፤ አንዱን ለማረም መቶውን መንካት ይጠይቃል። በእጅ መሥራት የማይችል ተማሪ የተነበበውንም ማረም አይችልም።

መምህር፦ ስለ ግምገማውም መነገር አለበት፤ የክፍል ፕሮጀክት ብቻውን ለሚማር ሰው የማይሰጠው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ተማሪ፦ ጥሩ ግምገማ አንድ ደንብ አለው፤ ሠሪው አስቀድሞ አያብራራም። ሥራው ይታያል፣ ሌሎቹ ያዩትን ይናገራሉ። አንዱ ገጸ ባሕርዩ ተቆጥቷል ሲል ሌላው ደክሞታል ካለ አቋሙ ግልጽ አይደለም። በእኛ አገር ክፍል ውስጥ ይህ ደንብ ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ፤ የጓደኛን ሥራ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ብሎ ማለፍ ይቀናል። መምህሩ «ስንተኛው ፍሬም ላይ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ወሬው ይለወጣል። ፍሬም 37 ላይ እግሩ ተንሸራተተ ማለት ሰውን አያስቀይምም።

መምህር፦ ከዚያ ሬንደር፣ ማለትም ትዕይንቱን ወደ ምስል ማስላት።

ተማሪ፦ 20 ሰከንድ ፊልም 480 ፍሬም ነው። አንዱ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ሙሉ 24 ሰዓት ይሆናል። ማታ ሥራውን አስጀምሮ መብራት ቢጠፋስ? ቪዲዮ ተብሎ በአንድ ፋይል እየተጻፈ ከነበረ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም ለየብቻ ምስል ሆኖ ይቀመጥና መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። በመጨረሻ ምስሎቹ ተያይዘው ፊልም ይሆናሉ፣ ድምፅ ይገባል። ሌላው ነገር ነጠብጣቡ ነው። ብርሃንን በዕጣ ናሙና እየወሰደ የሚያሰላ ሬንደር ምስሉን ጥርት አድርጎ አያወጣም፤ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ናሙና ይጠይቃል፣ ጊዜውም አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ያወቀ ተማሪ መብራቱን ያቀላል፣ ካሜራው የማያየውን ዕቃ ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ፊልሙን ያሳጥራል።

መምህር፦ ውድ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ተስፋ ይቁረጥ ማለት ነው?

ተማሪ፦ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ነጻ ነው። ብሌንደር በሆላንዳዊው ቶን ሮሰንዳል የተጀመረ ሲሆን የያዘው ኩባንያ በ2002 ሲዘጋ ከተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ በጥቂት ሳምንታት ተሰብስቦ ሶፍትዌሩ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ ፍሎው የተባለውን ፊልም በእሱ ሠርቶ በ2025 የኦስካር ሽልማት ወስዷል። ፊልሙ የተሰላው በብሌንደር ፈጣኑ ሬንደር ነው፤ እንስሳቱ አይናገሩም፣ የፀጉራቸውም ዝርዝር ቀለል ያለ ነው። አቅምን አስቀድሞ አውቆ መልኩን በዚያ መወሰን ለተማሪም ይሠራል።

መምህር፦ የመጨረሻው ፕሮጀክት በቡድን ነው። እዚያ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ምንድን ነው?

ተማሪ፦ የፋይል ስም። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባለ ሲላላክ አንዱ በአሮጌው ሞዴል ላይ አኒሜሽን ሠርቶ ይገኛል። ቁጥር ሰጥቶ በአንድ ቦታ ማስቀመጥና ከሌላ ፋይል በማገናኛ መጥራት ይህን ያስቀራል፤ ሞዴሉ ሲታረም በሁሉም ትዕይንት ይታረማል። ሁለተኛው ታሪኩ ነው። ተማሪ ጦርነት፣ ከተማ፣ ሕዝብ ያስባል፤ ጊዜው የሚበቃው ለሁለት ገጸ ባሕርይ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ትዕይንቱ በቅድሚያ በወረቀት ሥዕል ተደርድሮ ከድምፅ ጋር ሲታይ የሚቆረጠው ወዲያው ይለያል፤ በወረቀት ላይ የተጣለ ትዕይንት ኪሳራ የለውም።

መምህር፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥራ ፈላጊዋ ተማሪ ለስቱዲዮ የምታሳየው ሪል (የሥራ ናሙና ቪዲዮ) ምን ይያዝ?

ተማሪ፦ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ምርጡ ሥራ መጀመሪያ ይሆናል፣ ከመጀመሪያው በኋላ ላያዩ ስለሚችሉ። ሞዴል ከሆነ ከላይ የተለበሰው ብቻ ሳይሆን የመስመር መረቡም ይታያል፤ ቀጣሪው ሞዴሉ ሲታጠፍ የሚሆነውን የሚገምተው ከዚያ ነው። አኒሜሽን ከሆነ ያለ ቀለም ቢሆንም ምንም አይደለም። በቡድን የተሠራ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ የማን እጅ የቱን እንደሠራ ይጻፋል፤ ሞዴሉ የእሷ፣ ሪጉ የሌላ ከሆነ እንደዚያው። ስቱዲዮ የሚቀጥረው ለአንድ የሥራ ክፍል ነው፤ ያልሠራችውን የተጠየቀች ዕለት ደግሞ ሙከራው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሰጠው።